ጥር ላይ በዝዋይ ሐይቅ ዳር፦ ከሰሜን የመጡትን ወፎች ፍለጋ

ዳር ተመልካች
ጥር 18፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዝዋይ ውዬ መመለሴ ነው። ያየሁትን ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው፤ ከአሁን እስከ መጋቢት ወደዚያ ለሚወርድ ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ከአዲስ አበባ የወጣነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሞጆና በመቂ አልፈን ባቱ ስንገባ ገና አልነጋም ነበር። በዚያ ሰዓት መድረስ ትልቅ ጥቅም አለው። ከተማው ከሐይቁ በስተምዕራብ በኩል ስለሆነ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ውሃውን የሚመለከት ሰው ጠዋት ጠዋት ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል፤ የእግሩም ሆነ የምንቃሩ ቀለም አይለይም። ስለዚህ ወይ ከፀሐይ ቀድሞ መገኘት፣ ወይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ማየት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል፤ ጀልባ የሚፈልግ ሰው ጉዳዩን በጠዋቱ ቢጨርስ ይሻለዋል።

ማቆሚያው ላይ ቀድመው የሚቀበሉት አባ ኮዳዎች ናቸው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ቆሮሶና አምባዛ በቢላዋ እየሰነጠቁ አንጀቱን ወደ ኋላ ሲወረውሩ፣ አባ ኮዳዎቹ መላጣ ራሳቸውን ትከሻቸው መካከል ቀብረው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይቆማሉ። አንዱን በደንብ አስተዋልኩት። እግሩ ጥቁር ነው፤ ነገር ግን የራሱን ኩስ እየለቀቀበት ነጭ ኖራ የተቀባ አስመስሎታል። ይህን የሚያደርገው ፀሐይ ሲበረታ ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ ነው። ከጎኑ ፔሊካኖቹ ከምንቃራቸው ሥር ያለውን ቢጫ ከረጢት ነፍተው ይጋፋሉ። ራሷ ወደ ኋላ ሾል ብሎ መዶሻ የምትመስለው ቡናማዋ ሐመርኮፕ ደግሞ ትልልቆቹ የጣሉትን ትንንሽ ቁራጭ እየለቀመች በመካከላቸው ትሾልካለች።

ከከተማ የሚመጣው ሰው አብዛኛው እዚያው ፎቶ ተነሥቶ፣ ዓሣውን በልቶ ይመለሳል። ዓሣው ግሩም ነው፤ አልቃወምም። የጥር ወር ዋናው ነገር ግን ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ፊላው ሳስቶ ጭቃው በሚጀምርበት ቦታ ነው ያለው። አንድ የአካባቢውን ልጅ ለመንገድ መሪነት ይዘን ዳር ዳሩን በእግር ሄድን፤ ከዚያ ተቀመጥን። ወዲያ ወዲህ አላልንም። አንድ ቦታ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ ዝም ማለት ከማናቸውም ውድ መሣሪያ ይበልጣል፤ ስንደርስ ተነሥተው የሸሹት ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ።

ጭቃው ላይ ብዙ መቶ ወፎች ነበሩ። ይበዛ የነበረው ራፍ ነው። ሲያዩት የሁለት ዓይነት ወፍ መንጋ ይመስላል፤ ወንዱ ከሴቷ በጣም ይተልቃልና። እዚህ ቡናማና ግራጫ ለብሶ ጭቃ ሲወጋ የሚውለው ወንድ፣ በግንቦት ወር ስካንዲኔቪያና ሳይቤሪያ ረግረግ ላይ በአንገቱ ዙሪያ ትልቅ የላባ አንገትጌ አብቅሎ ከሌሎች ወንዶች ጋር በሴቶች ፊት ይፎካከራል። አንዳንዶቹ ከአሁኑ አንገታቸው ላይ ነጭ ነጭ ብለዋል። ከእነርሱ መካከል ረጃጅም ሮዝ እግር ያላቸው ስቲልቶች፣ ጥልቅ ወዳለው ውሃ ደግሞ ሰፊ ምንቃራቸውን ውሃው ላይ እያንሸራተቱ የሚያጣሩ ሾቭለር ዳክዬዎችና ጋርጋኒዎች ነበሩ። ጋርጋኒ በብርዱ ወራት አውሮፓን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ የሚወጣ ዳክዬ ነው፤ እዚያ አንድም አይቀርም ማለት ይቻላል።

ከብቶች ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ ደግሞ ቢጫ ሆድ ያላቸው፣ ጭራቸውን ያለማቋረጥ የሚያወዛውዙ ትንንሽ ወፎች ከሰኮናቸው ሥር እየተሯሯጡ ዝንብ ይለቅሙ ነበር። ጓደኛዬ «እነዚህማ የሰፈራችን ወፎች ናቸው» አለ። ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ በየበጋው ስለምናያቸው የእኛው ይመስሉናል። መጋቢት አልፎ ሚያዝያ ሲጋመስ ግን ይሄዳሉ፤ ጎጇቸው ከፖላንድ ሜዳ እስከ ሩሲያ ነው። የራሳቸው ቀለም እንደ መጡበት አገር ይለያያል፤ ዛሬ ግራጫ ራስም ጥቁር ራስም ያላቸው በአንድ በሬ ዙሪያ ሆነው አይቻለሁ።

ትልቁ ደስታዬ የመጣው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ኦስፕሬይ የሚባለው ዓሣ አዳኝ አሞራ ከላይ ለጥቂት ጊዜ ክንፉን እያርገበገበ ቆመና እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደቀ። ውሃው ተረጨ፤ ግማሽ ሰውነቱ ሰጠመ፤ ከዚያ ቆሮሶ ይዞ ተነሣ። በአየር ላይ ሳለ ዓሣውን በጥፍሩ አዟዙሮ ራሱን ወደ ፊት አደረገው፤ ነፋሱን እንዲቀንስለት ነው። ብዙም ሳይርቅ የእኛው ባለ ነጭ ራስ ዓሣ በል ንስር ከዛፉ ላይ ተነሥቶ አሳደደው። ነዋሪውና እንግዳው ለአንድ ዓሣ ሲጣሉ ጥፍራቸው እስኪታየኝ ድረስ በላያችን አለፉ። ኦስፕሬዩ አልለቀቀም።

መናገር የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው። የዝዋይ አማካይ ጥልቀት 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ወፎቹ የሚኖሩት ደግሞ ከዚያም በባሰ ጥልቀት በሌለው፣ ቁርጭምጭሚት በሚደርሰው ዳርቻ ላይ ነው። «ሐይቁ አለ፣ ደህና ነው» ስንል መሀሉን እያየን ነው። እኔ የምፈራው ለዳሩ ነው፤ ፊላውና ደንገሉ እየተመነጠረ፣ ማሳው እስከ ውሃው ድረስ እየገባ ነው። ዛሬ የተቀመጥንበት ጭቃ ግራና ቀኙ የታረሰ ነበር።


ሰማያዊ ላባ
ጥር 18፣ ከምሽቱ 4፡02

ዳር ተመልካች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኦስፕሬዩን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ቢሾፍቱ ነው የምኖረው፤ ገና ጀማሪ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጭቃ ላይ የሚሯሯጡት ቡናማ ወፎች ሁሉ ለእኔ አንድ ናቸው፤ እንዴት ነው የምትለዩአቸው? ሁለተኛ፣ ባይኖኩላር ልገዛ ነው፤ ሻጩ «10 በ42 ይሻላል፣ ብዙ ያቀርባል» አለኝ። እውነት ነው?


ጋሼ መነጽር
ጥር 19፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ 8 በ42 ግዢ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅሽን መንቀጥቀጥም 10 ጊዜ ያጎላል፤ ጀልባ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። በ8ቱ የሚታይሽ ስፍራ ሰፋ ስለሚል የበረረ ወፍ ቶሎ ታገኛለሽ። ከመግዛትሽ በፊት በሁለቱም ዓይንሽ ተመልከቺና ምስሉ አንድ ክብ መሆኑን አረጋግጪ፤ ሁለት ከሆነ መስታወቶቹ ተዛንፈዋል።

ወደ ጭቃው ወፎች ስንመጣ፣ ቀለሙን ለጊዜው ተዪው። በጥር ሁሉም ቡናማ ወይም ግራጫ ነው፤ ቀለም ያታልላል። መጀመሪያ እንዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ። ብቻውን ድንጋይ ላይ እየሄደ የኋላ አካሉን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ኮመን ሳንድፓይፐር ነው፤ በዚህ ብቻ ከሩቅ ይታወቃል። ቀጥሎ የምንቃሩን ርዝመት ከራሱ ርዝመት ጋር አወዳድሪ። የራፍ ምንቃር ከራሱ ብዙም አይበልጥም፤ ጫፉ ትንሽ ወደ ታች ይላል። ግሪንሻንክ ወፍራምና ጫፉ በትንሹ ወደ ላይ ቀና ያለ ምንቃር አለው። ጥቁር ጭራ ጎድዊት ቀጥ ያለ፣ በጣም ረጅም ምንቃሩን እስከ ዓይኑ ድረስ ጭቃው ውስጥ ይሰድዳል። እግር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሰው ባየ ቁጥር የሚጮኸው ባለ ክንፈ እሾህ ፕሎቨር ግን የእኛው ነዋሪ ነው፤ እርሱ ከጮኸ ሌላው ሁሉ ይነሣልና በሩቁ አልፈሽው ሂጂ።

ስልክሽ ላይ መርሊን የሚባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መተግበሪያ ጫኚ፤ በነጻ ነው። ነገር ግን መተግበሪያው የሚነግርሽን ከማየትሽ በፊት ያየሽውን በማስታወሻ ደብተር ጻፊ። ዝዋይን ከመሞከርሽ በፊት እዚያው ሰፈርሽ ጨለለቃ አለልሽ፤ ውሃ ካለው በዚህ ወር ጥሩ መለማመጃ ነው።


የመቂ ልጅ
ጥር 19፣ ከቀኑ 6፡40

ጽሑፉን አነበብኩት፤ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልበል። «ማሳው እስከ ውሃው ድረስ እየገባ ነው» ብለሃል። ያ ማሳ የእኛ ነው። አባቴ በሽንኩርትና በቲማቲም ነው ስድስት ልጆች ያሳደገው፤ እኔም ኮሌጅ የገባሁት በዚያው ነው። ዝናብ ሲቀር ያለን ነገር ሐይቁና አንድ ፓምፕ ብቻ ነው። ፊላው ደግሞ ለእናንተ የወፍ ቤት ነው፤ ለእኛ ግሪሳ የሚያድርበት ነው። ግሪሳ በመንጋ ወጥቶ ማሽላ ላይ ሲያርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጆች ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ፤ ከትምህርት ቤት ቀርተው። የውጭ ወፍ የሚያይ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ በማታው ይመለሳል። እኛ እዚያው ነን።


ዳር ተመልካች
ጥር 19፣ ከምሽቱ 1፡25

ወንድሜ፣ መጻፍህ ደስ ብሎኛል። ያልከው ስለ ግሪሳ እውነት ነው፤ ፊላና ሸምበቆ ውስጥ ያድራል፣ ማሽላንና ስንዴን ያጠፋል። ያንን ጉዳት አሳንሼ አላየውም።

እኔ ማሳችሁን ልቀቁ አልልም። የምለው ከውሃው ጠርዝ ያለችው ፊላ ትቅር ነው፤ ጥቂት ሜትር ስፋት እንኳ ቢሆን። ምክንያቴም ወፍ ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ ከማሳው የሚታጠበውን አፈር የሚይዘው ያ ሣር ነው። እርሱ ከተነሣ አፈሩ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ 3 ሜትር በማይሞላ ሐይቅ ውስጥ የገባ አፈር ሐይቁን ይበላዋል። ፓምፕ ያለው ሰው ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል፤ የሚስበው ውሃ ሲደፈርስና ቱቦው በደለል ሲዘጋ የሚቸገረው እርሱ ነው። ማዳበሪያውም አብሮ ይታጠባል፤ እምቦጭን የሚያሳድገው ይኸው ነው። እምቦጭ ደግሞ ዝዋይ ላይም ታይቷል፤ ጣና የደረሰበትን ሁላችንም ሰምተናል። ዓሣውም ጫጩቱን የሚያሳድገው እዚያው ፊላ ሥር ነው።

ሸክሙ ደግሞ የገበሬው ብቻ አይደለም። ከሐይቁ ውሃ የሚስቡ ትልልቅ እርሻዎች አሉ፤ የእነርሱ ድርሻ ከአንድ ቤተሰብ ፓምፕ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ቁጥጥሩ ከእነርሱ ይጀምር ብትለኝ ካንተ ጋር ነኝ።


የቱሉ ጉዶ የልጅ ልጅ
ጥር 19፣ ከምሽቱ 3፡50

የአያቶቼ አገር ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ዘይ ነኝ። ቤተሰቦቼ ከቱሉ ጉዶ ደሴት ወጥተው ባቱ ከተማ የሰፈሩት ከእኔ መወለድ በፊት ነው፤ በየዓመቱ ግን ለጽዮን ማርያም በዓል በጀልባ እንሄዳለን። ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮን ወደዚህ ደሴት ተሸሽጋ እንደቆየች አባቶች ይነግሩናል፤ የዘይ ሕዝብም የዚያ ዘመን ስደተኛ ዘር ነው ይባላል።

ስለ ወፎቹ የምጨምረው አለኝ። ወደ ደሴቶቹ ስትሄዱ ቅጠላቸው ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ተክሎች ያሉበትን ፀጥ ያለ ቦታ ባለ ጀልባው እንዲያዘገምበት ለምኑት። እዚያ ጃካና ታያላችሁ። ሰውነቷ ቀይ ቡናማ፣ ግንባሯ ሰማያዊ፣ ጣቶቿ ከእግሯ ርዝመት ጋር የሚፎካከሩ፤ በቅጠል ላይ ትራመዳለች፣ አትሰጥምም። እኔን የሚያስደንቀኝ የወላጅነታቸው ነገር ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈው፣ ጫጩቱን የሚያሳድገው አባትየው ነው። አንድ ጊዜ የጀልባችን ድምፅ ሲያስደነግጠው ጫጩቶቹን በሁለቱ ክንፎቹ ሥር አቅፎ ተነሣ፤ ከሰውነቱ በታች ረጃጅም የጫጩት እግሮች ብቻ ተንጠልጥለው ይታያሉ፣ ልክ ብዙ እግር ያለው ወፍ መስሎ። ወደ ፊላው ገባ፣ ክንፉን ከፈተና አወረዳቸው።

የመቂው ወንድማችን ያለው ልክ ነው፤ ዳር ተመልካችም ያለው ልክ ነው። በደሴቱ ላይ አባቶቻችን እርከን ሠርተው ነበር የሚያርሱት፤ አፈሩ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድባቸው። ከደሴት ላይ ወዴት ይሰፋሉ? የሄደ አፈር አይመለስላቸውም ነበር።


የጎንደር ልጅ በጽፋት
ጥር 20፣ ከጠዋቱ 4፡30

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ክሩን ለባለቤቴም አነበብኩላት። እኛ የምንኖርበት ጽፋት ከሁላ ሸለቆ ቅርብ ነው፤ በዚህ ወር እዚያ ክሬን የሚባሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረጃጅም ግራጫ ወፎች የብርዱን ወራት ያሳልፋሉ። ስለ ሐይቅ ዳርቻ የምትሉትን ስሰማ የሁላን ታሪክ መንገር አለብኝ አልኩ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ሁላ ሐይቅንና ረግረጉን አደረቁት። ምክንያቱ በጊዜው ትልቅ ይመስል ነበር፤ ወባን ለማጥፋትና የእርሻ መሬት ለማግኘት። ነገር ግን የደረቀው የረግረግ አፈር በውስጡ ይነድ ጀመር፤ መሬቱ ሰመጠ፤ አቧራው ተነሣ፤ ከአፈሩ የሚታጠበው ንጥረ ነገር ወደ ኪኔሬት ሐይቅ (የገሊላ ባሕር) ወርዶ ውሃውን በከለ። በ1994 ከመሬቱ ጥቂቱን መልሰው በውሃ ሞሉት። ወፎቹም መጡ፤ ክሬኖቹ ደግሞ የለውዝ ማሳ ውስጥ ገብተው ገበሬውን አስለቀሱት። የመጨረሻው መፍትሔ ለክሬኖቹ ብቻ በተለየ ማሳ ላይ በቆሎ እየበተኑ ከሌላው ማሳ ማራቅ ሆነ። ለዚህ ገበሬውም፣ ተፈጥሮ ጠባቂውም አብረው ተቀምጠው ነው የተስማሙት። የመቂው ወንድሜ፣ ያንተ ጥያቄ እዚህም ተጠይቋል፤ መልስም ተገኝቶለታል።

አንድ ሌላ ነገር። በልጅነቴ በጎንደር መንደራችን ሽመላዎች ከሰሜን ሲመጡ ልጆች ወጥተን እየዘለልን እንዘምርላቸው ነበር። የምንጠይቃቸው ስለ ኢየሩሳሌም ነው፤ አገራችን ደህና ናት ወይ ብለን። ሽማግሌዎቹ ከዚያ እንደሚመጡ አጥብቀው ያምኑ ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው እውነት መሆኑን በዓይኔ ያየሁት። ነጩ ሽመላ ከምሥራቅ አውሮፓ ተነሥቶ በዚህች አገር ሰማይ ላይ ያልፋል፤ ባሕር ላይ የሚያነሣው ሞቃት አየር ስለማያገኝ ሜድትራኒያንን አያቋርጥም፤ ዳሩን ይዞ በሲናና በዓባይ ሸለቆ ወደ እናንተ ይወርዳል። እናቴ በሕይወት ሳለች መስከረም ላይ እነዚህን ሽመላዎች ባየች ቁጥር እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ለጎንደር ሰላም በሉልኝ» ትል ነበር። ዝዋይ ላይ ሽመላ አይታችኋል?


ዳር ተመልካች
ጥር 20፣ ከቀኑ 7፡05

አይተናል። ከመቂ አለፍ ብሎ የታጨደ ማሳ ላይ የተበተኑ ነጭ ሽመላዎች ነበሩ፤ ቀይ ምንቃራቸው ከመንገዱ ይታያል። አንበጣና አይጥ ሲለቅሙ ነበር። የእናትዎን ነገር ለጓደኞቼም ነገርኳቸው። ነፍሳቸውን ይማር።


ሰማያዊ ላባ
ጥር 20፣ ከምሽቱ 2፡20

እኔም ለጥያቄ ተመለስኩ። ባለፈው ዓመት ባቱ ሳልፍ፣ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ፔሊካኖች ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ እየተሽከረከሩ በጣም ከፍ ብለው ወደ ደቡብ ሄዱ። ዓሣ እዚሁ ካለ ወዴት ነው የሚሄዱት?


ጋሼ መነጽር
ጥር 21፣ ከጠዋቱ 12፡50

ጥሩ አስተውለሻል። ሰዓቱም ትክክል ነው፤ መሬት ሞቃ ሞቃት አየር ወደ ላይ እስኪያነሣቸው ድረስ አይነሡም። ከባድ ወፍ ስለሆነ ክንፍ እያራገበ ሩቅ ከሄደ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ በሞቃቱ አየር ላይ ከተሳፈረ ግን ያለ ድካም ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻላ ሐይቅ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ጨውማ ውሃ ነው፤ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ደሴቶቹ ግን ጅብም ሰውም የማይደርስባቸው ስለሆኑ ለጎጆ የተመቹ ናቸው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ተመራማሪዎች ሲያጠኗቸው ፔሊካኖቹ ጎጇቸውን ሻላ ላይ ሠርተው ለዓሣ ወደ ጎረቤት ሐይቆች ይመላለሱ ነበር። ቅርቡ አቢጃታ ነበር። አቢጃታ ደግሞ የሚጠጣው በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ከዝዋይ የሚተርፈውን ነው። ከላይ ለመስኖ ብዙ ተሳበ፤ ከራሱ ከአቢጃታ ደግሞ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ተወሰደ፤ ሐይቁ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ጨዉ እየበረታ ሄደና ዓሣው አለቀ። አሁን የሻላ ፔሊካን ጫጩቱን ለመመገብ እስከ ዝዋይ መሄድ አለበት።

ስለዚህ ዳር ተመልካች ስለ ዳርቻው ባለው ላይ አንድ ልጨምር። ዝዋይ ላይ ውሃው አንድ ክንድ ሲወርድ፣ ታች አቢጃታ ላይ ኪሎ ሜትር ጭቃ ይደርቃል። ሦስቱን ሐይቆች እንደ አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ ፔሊካኖቹ እንደዚያ ነው የሚኖሩባቸው።

መቁጠርን በተመለከተ ለሁላችሁም። በየዓመቱ በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ፤ በአገራችን ይህን ሥራ ሲያስተባብር የኖረው በ1966 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ፈቃደኛ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። መንጋ ስትቆጥሩ መጀመሪያ አሥር ወፍ ቁጠሩ፤ አሥሩ የያዘውን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፤ ከዚያ በአሥር አሥር፣ ትልቅ ከሆነ በመቶ መቶ እየከፈላችሁ ሂዱ። መንጋው ሲነሣ ሳይሆን ተቀምጦ ሳለ ጀምሩ። ሁለት ሰው ለየብቻው ቆጥሮ ያመሳክር።


የመቂ ልጅ
ጥር 21፣ ከምሽቱ 1፡00

ጋሼ፣ ስለ ቡልቡላ ያሉት ያሳስባል፤ አጎቶቼ ከዚያ በታች ናቸው፣ ለከብት ውሃ ይቸገራሉ። ፊላውን ስለመተው ግን አሁንም ቃል አልገባም። ሁለት ሜትር የምትለቀቅ መሬት ለእናንተ ትንሽ ናት፤ ለአንድ ገበሬ የአንድ ልጅ የትምህርት ወጪ ናት። ማን ይካሳታል? በእስራኤል ያለው ወንድማችን በቆሎውን የሚገዛው ማን እንደሆነ ቢነግረን ደስ ይለኛል።


የጎንደር ልጅ በጽፋት
ጥር 21፣ ከምሽቱ 4፡15

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወጪው ገበሬው ላይ ብቻ አልተጣለም፤ ከመንግሥት፣ ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችና ከገበሬዎቹ በጋራ ነው የሚወጣው። ክሬኖቹን ለማየት የሚመጣው ጎብኚም በመግቢያ ይከፍላል። ገበሬው ብቻውን ይሸከመው ቢባል ኖሮ አንድ ዓመትም አይዘልቅም ነበር።


ዳር ተመልካች
ጥር 22፣ ከጠዋቱ 2፡10

የመቂ ልጅ፣ «ማን ይካሳታል» ያልከውን እኔም ያለ መልስ አላልፈውም። ቢያንስ እኛ ልናደርገው የምንችለው አለ። በእኛ በኩል የሚወርድ ሰው ሁሉ ከከተማ መሪ ይዞ ከመምጣት ይልቅ የባቱን ጀልባ ነጂ፣ የመንደሩን ልጅ ይቅጠር፤ ፊላው ባለበት ማሳ ዳር ሲቀመጥ ለባለ ማሳው ይክፈል። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ግን ፊላው ያለበት ማሳ ከሌለበት ማሳ በምንም ካልተለየ ማንም አይተወውም።

የካቲት አጋማሽ ላይ እንደገና እንወርዳለን። በዚያን ጊዜ ትልቁ ጥቁር ራስ ጋል (የባሕርና የሐይቅ ዳር ወፍ)፣ ፓላስ የሚባለው፣ ጥቁር ቆቡን ጨርሶ ይለብሳል፤ ከመካከለኛው እስያ የሚመጣ፣ እዚያ ከምናያቸው ጋሎች ሁሉ የሚተልቅ ነው፤ ቢጫ ምንቃሩን ጫፉ አጠገብ ጥቁርና ቀይ ያቋርጠዋል። መኪናው ውስጥ ሁለት ቦታ አለ። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ ያስፈልጋል። ነጭና ደማቅ ልብስ አትልበሱ።


ሰማያዊ ላባ
ጥር 22፣ ከቀኑ 5፡45

አንዱ ቦታ የእኔ ይሁን! ዛሬ ጠዋት ጨለለቃ ሄጄ ነበር፤ ጋሼ እንዳሉት ቀለሙን ትቼ ጻፍኩ። አንድ ወፍ ብቻውን ሆድ በማይነካ ውሃ ውስጥ በፍጥነት እየተራመደ ከውሃው ላይ ግራና ቀኝ ይለቅማል። ከራፍ ቀጠን ይላል። ፊቱና ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ግራጫ። እግሩ በጣም ረጅም፣ አረንጓዴ ቢጤ። ሲነሣ ከጀርባው እስከ ጭራው ነጭ ታየኝ፣ እግሩም ከጭራው አልፎ ወጥቷል። ግሪንሻንክ ነው?


ጋሼ መነጽር
ጥር 22፣ ከቀኑ 8፡20

ጎበዝ፤ እንዲህ ነው የሚጻፈው። የጀርባው ነጭ ግሪንሻንክም ላይ፣ እርሱን የሚመስል ሌላ ወፍም ላይ አለ፤ በእርሱ አይለይም። ምንቃሩ እንዴት ነበር? ውፍረቱስ?


ሰማያዊ ላባ
ጥር 22፣ ከቀኑ 8፡31

ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ እጅግ ቀጭን። ወደ ላይ ቀና አላለም። ከራሱ በትንሹ ይረዝማል።


ጋሼ መነጽር
ጥር 22፣ ከቀኑ 8፡36

እንግዲያው ማርሽ ሳንድፓይፐር ነው። ግሪንሻንክ ይህን ያህል ቀጭን ምንቃርና ስስ ሰውነት የለውም። ዝርዝርሽ ላይ ጻፊው፤ ሰዓቱንና ውሃው ምን ያህል እንደነበረም ጨምሪበት።